ሬሳ የሌለው ለቅሶ

ስልኬ ሲጮህ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እጄ እስከ ክርኑ አረፋ ነው። መምህር ተፈራ ነው፣ ከመርሳ። ተፈራ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሳይጠይቅ ወደ ጉዳይ የማይገባ ሰው ነው። ያን ቀን ግን «አስካለ» ብሎ ስሜን ብቻ ጠራ።

«አያ ይማም ናቸው?» አልኩት።

«ናቸው። ሱብሂ ሰግደው ገብተው፣ ጋደም እንዳሉ ነው። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው፤ ድረሽ።»

ልብሱን ከነአረፋው ትቼ ወጣሁ። ከወልድያ መርሳ ሩቅ አይደለም። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ዓይኔን አይተው ለቅሶ እየሄድኩ እንደሆነ ገባቸው። «የሞቱት ዘመድሽ ናቸው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? አያ ይማም ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ እሳቸው የመርሳ ብርቱካን ገበሬ፣ እኔ በሥራ ተመድቤ እዚያ የከረምኩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። «አይደሉም» ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መልሱ ግን መርሳ እስክንደርስ ሲቆረቁረኝ ሄደ።

አያ ይማም የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነበሩ። በሌላ አገር እድር የሚባለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የእኛ ቅሬ እስላም ክርስቲያኑን አንድ ላይ የያዘ ነበር። ሰው ሲሞት መቃብር ይቆፍራል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ምግብ ያመጣል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ከሕጉ ሁሉ ጥብቁ አንድ ነው፤ ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። ከብቱን ሰው ያግድለታል፣ እሳቱን እንኳ ሰው ያነድለታል። የእሱ ሥራ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ማዘን ብቻ ነው። ከሦስተኛው ቀን በፊት ተነስቶ ሥራ የያዘ ሐዘንተኛ ሰዉን እንደናቀ ይቆጠራል።

አያ ይማም ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ኪሳቸው ከብርቱካን ተለይቶ አያውቅም። ችግር ይዞ የሄደ ሰው መጀመሪያ ይቀመጣል። እሳቸው በትንሿ ቢላቸው ብርቱካኑን ልጣጩ ሳይበጠስ ይልጡታል፤ አንድ ክፋይ ለሰውየው ይሰጡታል፤ ያን ሳይውጥ መልስ የለም። እኔ ችኩል ነኝና መጀመሪያ ላይ ይህ ነገራቸው ያንጨረጭረኝ ነበር። አንድ ቀን «አያ፣ እኔ የመጣሁት ሰው ታሞብኝ እንጂ ብርቱካን አምሮኝ አይደለም» ብላቸው፣ «አውቃለሁ። እየጮሁ መብላት ስለማይቻል ነው የምሰጥሽ» አሉኝ።

ጦርነቱ መጣ። ታጣቂዎች ከተማዋን ይዘው በቆዩባቸው ወራት መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። የቀረልን ቅሬው ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከወልድያና ከቆቦ በኩል ሸሽተው በመጡ ሰዎች ተሞላ። ቅሬው ከየቤቱ እህል ያዋጣል። ናፍጣ ያልጨረሰ ወፍጮ የተገኘው ግራና በምትባለው ከተማ በኩል ስለነበር፣ እህሉ በአህያ ሄዶ ዱቄቱ በአህያ ይመለሳል። በመካከል ኬላ አለ። ኬላው ላይ መሣሪያ የታጠቁ፣ እንቅልፍ የጠማቸው ወጣቶች ቆመዋል። በየቀኑ ከእኛ አንድ ሰው ሄዶ እነሱን አናግሮ ዱቄቱን ማሳለፍ አለበት። ያ ሰው አንድ ቃል ከሳተ ዱቄቱ ይቀራል። ትንሽ ከጨመረበት ራሱም ይቀራል።

መጀመሪያ ይህ ሥራ የተፈራ ነበር። ተፈራ ደግ ነው፣ ግን ቁጡ ነው። ጠዋት ኬላ፣ ከሰዓት እህል ማሰባሰብ፣ ማምሻውን ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ለምንጣፍ የተጣሉትን ማስታረቅ። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም ደመወዝ አልቆረጠለትም፤ እንቢ ማለት ስለማይችል ብቻ ሁሉ እሱ ላይ ተቆለለ። እኛም «ተፈራ አለ» እያልን ጫንበት። አንድ ቀን ከኬላው ለጥቂት ተርፎ ተመለሰ። አንዱ ታጣቂ የዱቄቱን ጆንያ በሳንጃ ሲወጋው፣ ተፈራ እጁን ለቀም አድርጎ «የሕፃናት ምግብ ነው፤ አታፍርም?» ብሎ ጮኾበታል። ልጁ ጠመንጃውን አቀባበለበት። አህያ የሚነዱት ሽማግሌ መሬት ላይ ተንበርክከው ለምነው ነው ያተረፉት።

አያ ይማም ይህን ሰሙ። ብርቱካን አልላጡም። ከሰዓት በኋላ የቅሬውን ሴቶች አስከትለው፣ የለቅሶውን ሰሌን አስይዘው ተፈራ ቤት ገቡ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ሰሌኑን አስዘረጉና «ተቀመጥ፤ ዛሬ ሐዘንተኛ ነህ» አሉት።

ተፈራ ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ሞተብኝ?»

«ገና አልሞተም። እንዳይሞት ነው የመጣነው።»

«አያ ይማም፣ በእንዲህ ያለ ነገር ይቀለዳል?»

«ወላሂ ቀልድ አይደለም። ሞተህ እኛ ከምንቀመጥ፣ ሳትሞት አንተ ብትቀመጥ ይሻላል።»

«ነገ ኬላው ላይ ማን ሊቆም?»

«እኔ።»

«እህሉንስ?»

«ሰው ሞልቷል። የቅሬውን ሕግ ታውቀዋለህ፤ ሐዘንተኛ ከሦስተኛው ቀን በፊት አይነሳም።»

ሴቶቹ ምግብ አቀረቡ፤ አንዱ ጎረቤት እንጨት ፈለጠለት፤ ሌላው ፍየሎቹን ነዳለት። ተፈራ በንዴት ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ። ፀሐይ ስትቆለቁል ግን ተቀምጦ እንዳለ አንገቱ ዘንበል አለ። ጋደም አደረግነው። በማግሥቱ እስከ ረፋዱ ድረስ ተኛ።

ወሬው ግን መንገድ ላይ ተበላሸ። ስልክ የለ፣ ወሬ በሰው አፍ ነው የሚሄደው። «ተፈራ ቤት ቅሬው ሰሌን ዘርግቷል» የሚለው ውርጌሳ ከተማ ሲደርስ «ተፈራ ሞተ» ሆነ። አክስቱ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አገልድመው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ኬላውን ሁሉ በእንባ እያስከፈቱ መርሳ ድረስ በእግራቸው መጡ። ደጁ ላይ ሲደርሱ ሟቹ ሽሮ እየበላ ነው። እትዬ ብርቄ ባሉበት ቆመው ቀሩ። ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ጀርባውን ጀርባውን አሉት። በእነዚያ ወራት ሆዴን ይዤ የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አያ ይማም ግን አልሳቁም። «እንዲህ ነበር የሚለቀስልህ፤ አየኸው?» ነው ያሉት። ተፈራ እንጀራውን አስቀምጦ አቀረቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሬሳ የሌለው ለቅሶ የቅሬያችን ልማድ ሆነ። ሰው መቆጣት ሲያበዛ፣ የሰው ስም ሲምታታበት፣ የሸሹትን «እናንተ ደግሞ» እያለ ማመናጨቅ ሲጀምር፣ ሰሌኑ ቤቱ ይገባል። አንዳንድ አዛውንት «ሟርት ነው፤ ላልሞተ መቀመጥ ሞት ይጠራል» ብለው ተቆጡ። አያ ይማም «ሞት እንደሆነ ሳንጠራውም መጥቷል» አሏቸው። ሌላም ሕግ አወጡ። እያንዳንዱ ሰው የያዘውን ሥራ ለሌላ ሰው ማሳየት አለበት። «ብቻህን የምታውቀው ሥራ ካለ ሰርቀኸናል» ይሉ ነበር። እኔም ቁስል ማጠቡንና ለሕፃናቱ የስኳርና የጨው ውኃ መበጥበጡን ከሸሹት መካከል ለአንዲት ትርንጎ ለምትባል ሴት አሳየሁ። እያጉረመረምኩ ነው ያሳየኋት፤ ከእኔ በቀር የሚችል ያለ አይመስለኝም ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ጮኽኩባቸው። «አያ፣ እኔ የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም! ሕፃናቱን ተቅማጥ ይዟቸዋል!»

ብርቱካኑን ላጡ። «ትርንጎ ታውቅ የለ?»

«ታውቃለች፣ ግን...»

«‹ግን›ሽን እደጅ ትተሽ ግቢና ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ እንባዬ መጣ። ማን እንደሞተብኝ ሳላውቅ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አንዲትም ሴት ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ለቅሶ ቤት ነዋ። ዛሬ በየመድረኩ «እንቅልፍ የማያውቅ የሕዝብ አገልጋይ» እየተባለ ሲጨበጨብ ስሰማ እበሳጫለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ኬላ ላይ ምን እንደሚናገር አይቻለሁ።

ተራው ያልደረሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አያ ይማም ኬላውን ከተፈራ ከተረከቡ ወዲህ ለማንም አልለቀቁም። «እነዚያ ልጆች ፊቴን ለምደዋል፤ አዲስ ፊት ያስደነግጣቸዋል» ይላሉ። ያሉትስ እውነት ነው፤ እሳቸው በሄዱበት ቀን ዱቄቱ ይገባል። ግን ምትክ የሌለው ሥራ ስርቆት ነው ያሉት ራሳቸው ናቸው። ተፈራ ነገሩን ሊያነሳባቸው ሞክሮ፣ ዓይናቸውን ሲያይ ዋጠው።

ቢላቸውን ኬላው ላይ ስለወሰዱባቸው ብርቱካኑን በጥፍራቸው ነበር የሚልጡት። ጥቅምት ላይ እሱንም ተዉት። ብርቱካኑን ያወጡታል፣ ያገላብጡታል፣ መልሰው ኪሳቸው ይከቱታል። የሁሉን ስም ከነአባቱ የሚያውቁት ሰው እኔን «አንቺ» ይሉኝ ጀመር። ሽምግልና ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያው ሰሞን የኬላው አዛዥ ተቀየረ። አዲሱ ገና በመጣበት ቀን ዱቄቱን አላሳልፍም አለ። አህዮቹ ከኬላው ማዶ ከነጭነታቸው አደሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉት ሕፃናት ባዶ ሆዳቸውን አደሩ።

በማግሥቱ ጠዋት አያ ይማም ወደ ኬላው ከመውረዳቸው በፊት ሕፃናቱን ሊያዩ ትምህርት ቤት ገቡ። በሩ ላይ ከሐራ ገና የደረሰች ሴት ተቀምጣ ነበር። ስታያቸው ብድግ አለችና ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ፣ «አያ ይማም፣ አላህ ያጽናዎት። እንድሪስን ጀነት ይወፍቀው» አለቻቸው።

«አሚን፣ አሚን» አሉ ቶሎ ብለው። አለፏት።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እንድሪስ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ሐራ ገበያ እህል ይነግዳል። ሴትዮዋን ክንዷን ይዤ ጠየቅኳት።

«አልሰማችሁም እንዴ?» አለች። «ሐራ ላይ ተኩስ ሲከፈት መንገድ ላይ ነው የተመታው። እዚያው ቀበርነው። ወንድሜ ራሱ መጥቶ ላባትየው ነግሯቸዋል። ሰነበተ እኮ።»

ሰነበተ! እንግዲህ ያን ሁሉ ጠዋት ኬላው ላይ ቆመው «እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቼ» ብለዋል። የልጃቸው ገዳዮች እነዚያ ይሁኑ ሌሎች፣ የሚያውቁት ነገር የለም። ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘሀራ እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ቢናገሩ ቅሬው ሰሌን ይዘረጋል፤ ሰሌን ከተዘረጋ ኬላው ላይ የሚቆም የለም። እኛን ሬሳ ሳይኖረን ሲያስቀምጡን የከረሙት ሰው የራሳቸውን ሬሳ ደብቀው ቆመዋል። አዘንኩላቸው፤ ከማዘኔ በላይ ደግሞ ተናደድኩባቸው።

ተፈራን ከእህሉ ማስቀመጫ ጎትቼ አወጣሁትና እየሮጥን ነገርኩት። የደረስንባቸው ከብርቱካን ማሳቸው ጫፍ፣ የመስኖው ቦይ ዳር ነው። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው፤ ከሜዳው ማዶ ኬላው ይታያል።

«አያ፣ ቆዩ!» አልኩ።

አልቆሙም። ዞሬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። «የእንድሪስን ሰምቻለሁ።»

«ዝም በይ» አሉኝ። «ዱቄቱ ይግባ። ከዚያ አለቅሳለሁ።»

«ይህን በሆድዎ ይዘው እነዚያ ፊት ሊቆሙ?»

«ስቆም ሰንብቼ የለ? ምን ሆንኩ?»

«ዛሬ አዛዡ ሌላ ነው። እጅዎን ይዩት።»

እጃቸውን አዩት። ዱላቸው መሬቱን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።

«ሕፃናቱ አልበሉም፣ አስካለ» አሉኝ። ስሜን ከጠሩኝ ቆይተዋል።

«እንዲበሉ ነው አይሄዱም የምለው። አያ ይማም፣ ዛሬ ሐዘንተኛ ነዎት። ይቀመጡ።»

ዱላቸውን አነሱ። ሊመቱኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ተፈራ ዱላውን ከላይ ይዞታል።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ።

«አንተ? አንተን አፍህ ያስገድልሃል!»

«ያኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን ተኝቻለሁ፣ አያ። አንቱ ነዎት ያስተኙኝ።»

አያ ይማም ዱላውን ለቀቁለት። እኔ ነጠላዬን ቦዩ ዳር አነጠፍኩ፤ ተቀመጡበት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ኬላው ይታየናል፣ የሚባለው ግን አይሰማም። ተፈራ እጆቹን ከፍ አድርጎ ቀረበ። ሁለት ታጣቂዎች ወጡና ፈተሹት፤ ዱላውን ወርውረው ጣሉት። አዛዡ መጣ። እጁን ያወናጭፋል፣ ተፈራን በጣቱ ግንባሩን ይወጋዋል። አሁን ተፈራ ይጮህበታል አልኩ በልቤ። ተፈራ ዝም አለ። አያ ይማም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓው ለእንድሪስ ይሁን ለተፈራ አላወቅኩም። በዚህ መካከል ጥይት ተተኮሰ። ብድግ ብዬ ልሮጥ ስል አያ ይማም ቀሚሴን ጨምድደው መልሰው አስቀመጡኝ። «አትሩጪ። ብትሮጪ ነው የሚገድሉት» አሉኝ። ተፈራ እንደቆመ ነው። የተኮሱት ወደ ሰማይ ነበር። አሁንም አልጮኸም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ፤ አዛዡ መለሰለት፤ እንደገና ተናገረ። አዛዡ እጁን አወረደ። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ድንኳኑ ገባ። የኬላው ገመድ ወረደ፤ የመጀመሪያዋ አህያ ከነጭነቷ ወደ እኛ አለፈች።

አያ ይማም ያለቀሱት ያኔ ነው። አህዮቹ ሁሉ እስኪያልፉ ጠበቁ፤ ከዚያ «እንድሪስ! ኧረ እንድሪስ!» ብለው ፊታቸውን ነጠላዬ ውስጥ ቀበሩት። የወንድ ልጅ ለቅሶ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ተፈራ ሲመጣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። «ምን አልከው?» አልኩት።

«‹ሽማግሌው የት ቀረ?› አለኝ። ‹ልጃቸው ሞቶባቸው ሐዘን ተቀምጠዋል› አልኩት። ‹ትናንት እዚህ ቆሞ አልነበር?› አለኝ። ‹ትናንትም ሞቶባቸው ነበር› አልኩት።»

ደግፈን ወደ ቤት ወሰድናቸው። ለእትዬ ዘሀራ የነገሩት ራሳቸው ናቸው። እትዬ ዘሀራ ባላቸውን ሁልጊዜ በአንቱ ነበር የሚጠሩት። ያን ቀን ግን ደረታቸውን መትተው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ካለቀሱ በኋላ ቀና ብለው አዩዋቸውና፣ «ብቻህን ይዘኸው ሰነበትክ?» አሏቸው። «ሐዘኔን ሰረቅኸኝ።»

ሰሌኑ ገባ። እትዬ ዘሀራ ትንሽ ቆይተው ከአያ ይማም ጎን ተቀመጡ፣ እጃቸውንም ያዙ። መርሳ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየተራ ቤታቸው ሲመላለስ ሰነበተ። አያ ይማም ከሦስተኛው ቀን በፊት ከሰሌኑ አልተነሱም፤ ከዚያም በኋላ ኬላውን በተራ አደረግነው። ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው እስኪወጡ ድረስ ከእኛ አንድም ሰው እዚያ ኬላ ላይ አልሞተም።

ሰላም ሲሆን ተፈራ አዲስ ቢላ ገዛላቸው። እኔ ወደ ወልድያ ተዛወርኩ፤ በበዓል በበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። መጀመሪያ ያስቀምጡኛል፣ ብርቱካን ይልጡልኛል፣ ያን ሳልውጥ አያናግሩኝም። ቀጥለው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ምትክ አለሽ?» ይሉኛል።

የቀብሩ ዕለት መርሳ ስደርስ ወንዶቹ ወደ ቀብሩ ሄደዋል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሴቶቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እኔም እንደለመድኩት ነጠላዬን አገልድሜ የውኃውን ጆግ አነሳሁ። ለእንግዶቹ እየቀዳሁ እያለ ወንዶቹ ከቀብር ተመለሱ። ተፈራ ከፊት ነበር፤ አሁን የቅሬው ዳኛ እሱ ነው። አየኝና ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ጆጉን ከእጄ ወሰደ።

«አስካለ፣ ዛሬ ሐዘንተኛ ነሽ። ተቀመጪ።»

ፊቱን አየሁት። እንደ ድሮው ሊያሳርፈኝ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል። ሰሌኑ ላይ፣ ከልጆቻቸው መካከል የተቀመጡት እትዬ ዘሀራ ጠጋ ብለው በጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ጆጉን ከተፈራ እጅ ማን እንደተቀበለው አላየሁም።